ስለ ሻርትር ካቴድራልና ስለ ጎብኚዎቹ

ካቴድራል የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ነው፤ ሥሩም መንበር ማለት ነው። ስለዚህ ካቴድራል የሚባለው ትልቅ የሆነ ወይም ጌጡ የበዛ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ አይደለም፤ የጳጳሱ መንበር ያለበት ቤተ ክርስቲያን ነው እንጂ። ታናሽ ሆኖ ካቴድራል የሚባል አለ፤ እጅግ ታላቅ ሆኖ ካቴድራል የማይባልም አለ። በፈረንሳይ አገር በሻርትር ከተማ የሚገኘው ግን በመንበርነቱም በታላቅነቱም ስሙ የተነሣ ነው፤ የተሠራውም በእመቤታችን በማርያም ስም ነው። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ሻርትር ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በባቡር የሚሄድ ሰው በአንድ ሰዓት ገደማ ይደርሳል። አገሩ ቦስ የሚባል ሰፊ ሜዳ ነው፤ ስንዴ የሚበቅልበት፥ ዓይን የሚያርፍበት ተራራ የሌለበት ነው። በዚህ ሜዳ ለሚመጣ መንገደኛ አስቀድሞ የሚታየው ከተማው አይደለም። ቤቱ ሁሉ ገና ተሰውሮ ሳለ ሁለት ሹል ግንቦች ከስንዴው መካከል እንደ በቀሉ ሆነው ብቅ ይላሉ። ግንቦቹ አይመሳሰሉም። በስተ ደቡብ ያለው በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ሲሆን ከፍታው 105 ሜትር ያህል ነው፤ ጌጥ የለበትም። በስተ ሰሜን ያለው ከ110 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ እንደ ጥልፍ ሥራ የተፈለፈለ ነው። በዚህኛው ላይ አስቀድሞ የነበረውን የእንጨት ጫፍ በ1506 መብረቅ አቃጠለው፤ ዣን ደ ቦስ የተባለ የግንበኞች አለቃም ከ1507 እስከ 1513 ድረስ በድንጋይ አድርጎ ሠራው። እንግዲህ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ዕድሜ 350 ዓመት ያህል ነው። ኋለኛው ሠሪ ፊተኛውን ለመምሰል አልደከመም፤ ፊተኛውንም አላፈረሰም።

ወደዚህ ስፍራ በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሕዝብ ይመጣል። ከእነርሱም አንዳንዱ በምዕራቡ በር ገብቶ፥ ወደ ላይ አንጋጥጦ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ፥ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ይወጣል። ቤቱንም አየሁ ይላል። የዚህ ሰው ጕድለት የስንፍና ብቻ አይደለም፤ ከብርሃን ወደ ጨለማ የገባ ዓይን እስኪለምድ ድረስ ጊዜ እንደሚፈልግ አለማወቁ ነው። ከውጭ የመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ጨለማና በጨለማው ላይ የተንጠለጠለ ሰማያዊ ነገር ብቻ ነው። ጥቂት ተቀምጦ የታገሠ እንደ ሆነ ግን በሰማያዊው ውስጥ ቀዩ፥ በቀዩም ውስጥ ሰዎቹ፥ በሰዎቹም እጅ የያዙት ነገር ይገለጥለታል። ከዚህ በኋላ የሚጎድለው ታሪኩን ማወቅ ነው፤ ታሪኩን ሳያውቅ የሚመለከት ፊደል ሳይቈጥር ብራና እንደሚገልጥ ሰው ነውና።

የታሪኩ መጀመሪያ ጨርቅ ነው። በ876 ሻርል መላጣው የተባለው ንጉሥ እመቤታችን ጌታን በወለደች ጊዜ ለብሳው ነበር የሚባለውን ልብስ ለሻርትር ሰጠ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ከተማው የተሳላሚዎች ከተማ ሆነ። በ1020 ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል ፉልቤር የተባለው ጳጳስ አሠራው። እርሱም ታላቅ መምህር ስለ ነበረ የሻርትር ትምህርት ቤት ስሙ ከሩቅ አገር የሚሰማ ሆነ። የፉልቤር ሰፊ ምድር ቤት ዛሬም ከካቴድራሉ በታች አለ፤ ጎብኚም ከመሪ ጋር ይገባበታል። በ1134 ደግሞ ሌላ ቃጠሎ የምዕራቡን ወገን ስለ ጎዳ አዲስ ግንብ መሥራት ተጀመረ። የዘመኑ ጸሐፊዎች እንደ ተረኩት በ1145 ገደማ ሕዝቡ፥ ባላባቱና ሴቱ ሳይቀር፥ እንደ በሬ ራሱን ለሠረገላ ጠምዶ ድንጋይና እህል ወደ ሥራው ስፍራ ይጎትት ነበር።

ነገር ግን ዋናው ቃጠሎ በሰኔ ወር 1194 ሌሊት የሆነው ነው። ከተማው ከብዙ ወገን ነደደ፤ ከምዕራቡ ፊትና ከምድር ቤቱ በቀር ቤተ ክርስቲያኑ ጠፋ። ሕዝቡ ያለቀሰው ስለ ግንቡ አልነበረም፤ ልብሱ ተቃጥሏል ብሎ ነው እንጂ። ልብሱ ከሌለ ቤቱ ለምን ይሠራል የሚሉም ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ቅርሱን ይዘው ወደ ምድር ቤቱ ወርደው የነበሩ ካህናት በደኅና ወጡ፤ ልብሱም በእጃቸው ነበረ። በዚያን ጊዜ ሐዘኑ ተለወጠ። ቃጠሎው ቅጣት መሆኑ ቀርቶ፥ እመቤታችን የበለጠ ቤት እንዲሠራላት ስለ ወደደች ፈቅዳው ነው ተባለ። ገንዘብ ያለው ገንዘቡን፥ ጕልበት ያለው ጕልበቱን ሰጠ። ድንጋዩም በቅርብ ካለው ከቤርሼር ይወጣ ነበር። ሌሎች ካቴድራሎች መቶና ሁለት መቶ ዓመት ሲፈጁ የሻርትር ዋና ግንብ በሠላሳ ዓመት ገደማ ውስጥ ቆመ፤ በ1260ም ተባረከ። በአንድ ትውልድ እጅ ስለ ተሠራ የሐሳቡ አንድነት እስከ ዛሬ ይታያል። የላስታው ንጉሥ ላሊበላ የነገሠበትም ዘመን ይኸው ነው፤ በዚያ ድንጋዩ ከመሬት ወደ ላይ ሲደረደር በዚህ ከአለቱ ወደ ታች ይፈለፈል ነበር።

ጎብኚ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቤቱን በውጭ በኩል አንድ ጊዜ ሊዞረው ይገባል። የግንቡ ጥበብ የሚታወቀው በውጭ ነውና። የውስጡ ቅስት ጣሪያ ከወለሉ 37 ሜትር ያህል ከፍ ያለ፥ ከድንጋይ የተሠራና ከባድ ነው። ቅስት ወደ ታች ብቻ አይጫንም፤ የቆመባቸውን ግድግዳዎችም ወደ ውጭ ይገፋል። ይህን ለተማሪዎች ለማስረዳት የሚወድ መምህር ሁለት ልጆችን ፊት ለፊት አቁሞ መዳፋቸውን አጋጥመው እርስ በርሳቸው እንዲደገፉ ቢያደርግ ነገሩ በዓይን ይታያል። ልጆቹ ራቅ ብለው በተደገፉ መጠን እግራቸው ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ከየተረከዛቸው በስተ ኋላ ሌላ ልጅ እግሩን ተክሎ ቢከለክል ግን አይወድቁም። የቀደሙት ሰዎች ግፊቱን ለመከልከል ግድግዳውን እጅግ ያወፍሩት ነበር፤ ወፍራም ግድግዳም ሰፊ መስኮት አይቀበልም። የሻርትር ሠሪዎች ግን ከግድግዳው ውጭ ታላላቅ ምሰሶዎችን አቁመው ከእነርሱ ወደ ግድግዳው የድንጋይ ቅስት እንደ ክንድ ዘረጉ። ያ ክንድ ግፊቱን ተቀብሎ ወደ መሬት ያወርደዋል። እንዲህ ከሆነ በኋላ ግድግዳው ሸክሙ ስለ ቀለለለት፥ ድንጋይ መሆኑ ቀርቶ መስተዋት ለመሆን ቻለ። በውስጥ የሚደነቀው ቀለም ሁሉ በውጭ በቆመው በዚህ ሻካራ ድጋፍ የተገኘ ነው።

በምዕራብ ያሉት ሦስት በሮች የንጉሥ በር ይባላሉ፤ ከ1194 ቃጠሎ የዳኑ ናቸው። በግራና በቀኝ የብሉይ ኪዳን ነገሥታትና ንግሥታት ምስል እንደ ዓምድ ረዝሞና ቀጥኖ ቆሟል። ከመካከለኛው በር በላይ ክርስቶስ በዙፋኑ ተቀምጧል፤ በዙሪያውም አርባዕቱ እንስሳ አሉ። በቅስቱ ላይ ደግሞ ዘውድ የደፉ፥ የዜማ ዕቃ የያዙ ሽማግሎች ተደርድረዋል። የዮሐንስን ራእይ ያነበበ የኢትዮጵያ ሰው ሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ መሆናቸውን ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

በስተ ቀኝ ባለው በር ላይ መምህራንን ይልቁን ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በተቀመጠችበት ዙሪያ ሰባቱ ጥበባት በሴት አምሳል ተቀርጸዋል፤ እነዚህም ሰዋስው፥ የንግግር ጥበብ፥ የክርክር ጥበብ፥ ቍጥር፥ ምድር መለካት፥ ዜማና የከዋክብት ትምህርት ናቸው። ከእያንዳንዷ በታች የዚያ ጥበብ ሊቅ ተቀምጦ ይጽፋል። ዜማ ደወል ትመታለች። ሰዋስው ግን በአንድ እጇ መጽሐፍ፥ በሌላው አርጩሜ ይዛለች፤ ከእግሯ በታችም ሁለት ልጆች አሉ። አንደኛው በመጽሐፉ ላይ አጎንብሷል፤ ሁለተኛው ትምህርቱን ትቶ የባልንጀራውን ጠጕር ይጎትታል። ይህን የቀረጸ ሰው ትምህርት ቤት ውሎ እንደሚያውቅ አያጠራጥርም። የምድር ጥበብ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ መቀረጹም የሻርትር መምህራን በዚያ ዘመን ይዘውት የነበረውን ሐሳብ ይገልጻል፤ በእነርሱ ዘንድ ቍጥርና ሰዋስው እግዚአብሔርን ለማወቅ የሚያደርስ ደረጃ ነበርና።

ወደ ውስጥ የገባ ሰው መስኮቶቹን ሁሉ አያለሁ ቢል ይሳሳታል። ቍጥራቸው ከ170 በላይ ነው፤ አብዛኞቹም የ12ኛውና የ13ኛው መቶ ዓመት መስተዋት ናቸው። ይህን ያህል የዚያ ዘመን መስተዋት በአንድ ቤት ተጠብቆ መገኘቱ ድንቅ ነው። ሁለት ወይም ሦስት መስኮት መርጦ ፊት ለፊቱ ወንበር ይዞ መቀመጥ ይሻላል። ላይኞቹ እጅግ ሩቅ ስለ ሆኑ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር የያዘ ሰው ይጠቀማል። የመስተዋቱ አሠራር እንዲህ ነው፤ አሸዋና የእንጨት አመድ በእሳት ቀልጦ መስተዋት ይሆናል፤ ገና ሳይበርድም ቀለም የሚሰጥ ማዕድን ይጨመርበታል፤ ሰማያዊው የሚገኘው ከኮባልት ነው። የቀዘቀዘው መስተዋት በልክ ይቈረጣል፤ የፊቱና የልብሱ መሥመር በጥቁር ቀለም ተሥሎበት እንደ ገና በእሳት ይጠበሳል፤ ቍራጮቹም በእርሳስ ጠፍር ይያያዛሉ። ከዚህ የተነሣ ሥዕሉን የሚያበራው ቀለሙ ሳይሆን ከበስተ ኋላው የሚመጣው ፀሓይ ነው። ደመና ባለፈ ጊዜ የቅዱሳኑ ፊት ይለወጣል፤ ጠዋት ያየውን መስኮት ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ያየ ሰው ሌላ ይመስለዋል።

መስኮቱ የሚነበበው እንደ መጽሐፍ ከላይ ወደ ታች አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከታች ተነሥቶ ከግራ ወደ ቀኝ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ለምሳሌ በደቡብ ወገን ያለውን የደጉን ሳምራዊ መስኮት መመልከት ይገባል። ከታች ጫማ ሰፊዎች ሥራቸውን ይዘው ይታያሉ። ከእነርሱ በላይ አንድ ሰው ከኢየሩሳሌም ይወጣል፤ ወንበዴዎች ይገፉታል፥ ይደበድቡታል፤ ካህኑና ሌዋዊው ያልፉታል፤ ሳምራዊው ቍስሉን አስሮ ወደ እንግዳ ማደሪያ ይወስደዋል። ታሪኩ እዚህ ያበቃል ሲባል መስኮቱ ግን ገና እኩሌታው ነው። ከዚህ በላይ የአዳም መፈጠር፥ ዕፀ በለስ፥ ከገነት መባረር ይቀጥላል። ነገሩን የማያውቅ ጎብኚ ሁለት ታሪክ በስሕተት የተቀላቀለ ይመስለዋል። በኢትዮጵያ የወንጌልን አንድምታ የሰማ ሽማግሌ ግን አይቸገርም፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የወረደው አዳም፥ ወንበዴዎቹ አጋንንት፥ ሳምራዊው ክርስቶስ፥ የእንግዳ ማደሪያውም ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ከመምህራን ሰምቷል። ይህ ትርጓሜ ከጥንት አባቶች የተገኘ ስለ ሆነ በግዕዝ ተማሪውም በላቲን ተማሪውም ዘንድ አንድ ነው።

ጫማ ሰፊዎቹ ብቻቸውን አይደሉም። በሌሎች መስኮቶች ግርጌ ዳቦ ጋጋሪዎች፥ ጠጕር ቈዳ ነጋዴዎች፥ አናጢዎች፥ መንኰራኵር ሠሪዎች፥ ውኃ ተሸካሚዎችም አሉ። ለብዙ ዘመን እያንዳንዱ የሙያ ማኅበር ገንዘብ አዋጥቶ መስኮቱን ሰጠ ይባል ነበር። አሁን ግን አንዳንድ ሊቃውንት ይህን ይጠራጠራሉ፤ ግብር የሚቀበሉት ካህናት ግብር ከፋዮቹን ሥለዋቸው ይሆናል ይላሉ። ክርክሩ የትም ቢደርስ፥ ውኃ ተሸካሚ ከነማሰሮው ከማርያም መግደላዊት ታሪክ በታች ተሥሎ ስምንት መቶ ዓመት መቆየቱ በየአገሩ የማይገኝ ነገር ነው።

ከመስኮቶቹ ሁሉ እጅግ የሚወደደው ውብ መስተዋት የሚባለው የእመቤታችን ሥዕል ነው። የ1194 እሳት ሳያገኘው ቀርቶ፥ የ12ኛው መቶ ዓመት ሥራ ሆኖ ሳለ፥ በኋላ በ13ኛው መቶ ዓመት ክፈፍ ውስጥ ገባ። ሰማያዊው እንደ ሌሎቹ የጠለቀ አይደለም፤ ጎሕ ሲቀድ እንደሚታየው ሰማይ ነው።

በሰሜን ወገን ያለው ክብ መስኮት ጽጌረዳ ይባላል። በመካከሉ እመቤታችን፥ በዙሪያዋ የይሁዳ ነገሥታትና ነቢያት አሉ። ከበታቹ ባሉት አምስት ረጃጅም መስኮቶች መካከል ሐና ሕፃኒቱን ማርያምን ታቅፋ ትታያለች፤ በግራና በቀኝ መልከ ጼዴቅ፥ ዳዊት፥ ሰሎሞንና አሮን ቆመዋል። ከዚህ በኋላ ጎብኚው በሰሜኑ በር ወጥቶ በስተ ቀኝ ያለውን የመግቢያ ቅርጽ ይፈልግ። በ1220 ገደማ የተቀረጸች አንዲት ንግሥት ከሰሎሞን አጠገብ ቆማለች፤ እርሷም ንግሥተ ሳባ ናት። ከእግሯ በታች የአፍሪካ ሰው መልክ ያለው አንድ አገልጋይ ጐንበስ ብሎ ተቀርጿል። የሻርትር ቀራጭ ኢትዮጵያን አላየም፤ ንግሥቲቱንም በፈረንሳይ እመቤት መልክ ነው የሠራት። ይሁን እንጂ ከየት እንደ መጣች ለማስታወስ ስለ ፈለገ ያንን ሰው ከእግሯ በታች አኖረው። ከኢትዮጵያ የሚመጣ እንግዳ በዚህ ስፍራ ጥቂት ቢዘገይ የሚገባ ነው።

በኢትዮጵያና በዚያ አገር መካከል ያለው ዝምድና በዚህ ብቻ አያበቃም። በየቤተ ክርስቲያኑ የሚነበበው ተአምረ ማርያም ከፊሉ ታሪክ በ12ኛው መቶ ዓመት በምዕራብ አውሮፓ፥ ይልቁንም በፈረንሳይ፥ ከተሰበሰበው የተገኘ ነው። ያም ወደ ዐረብኛ ተመልሶ በዐፄ ዳዊት ዘመን ገደማ ወደ ግዕዝ ገባ። ተአምሩን እየሰማ ያደገ ሰው በሻርትር የቆሙትን ተሳላሚዎች ልብ ያውቃል።

በደቡብ ወገን ካለው ጽጌረዳ በታች ደግሞ አራቱ ወንጌላውያን በአራቱ ዓበይት ነቢያት ትከሻ ላይ ተቀምጠዋል። ማቴዎስ በኢሳይያስ፥ ሉቃስ በኤርምያስ፥ ዮሐንስ በሕዝቅኤል፥ ማርቆስ በዳንኤል ትከሻ ላይ ነው። ነቢያቱ ታላላቅ፥ ወንጌላውያኑ ታናናሽ ሆነው ተሥለዋል፤ ነገር ግን ታናናሾቹ ከላይ ስለ ሆኑ ከታላላቆቹ ይልቅ አርቀው ያያሉ። በርናር የተባለ የሻርትር መምህር ከመስኮቱ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ የኋላ ሰዎችንና የቀደሙ ሊቃውንትን በዚህ ምሳሌ ይመስል ነበር።

በወለሉ ላይ 13 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ በድንጋይ ተሥሏል፤ በክቡም ውስጥ ከ260 ሜትር የሚበልጥ አንድ መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ መካከል ይደርሳል። ይህ መንገድ ሰውን ለማሳሳት የተሠራ አይደለም፤ መታጠፊያው ብዙ ነው እንጂ መለያያ የለውም፤ የጀመረ ሰው ሳይመለስ ከቀጠለ ይደርሳል። በብዙዎቹ ቀኖች ለቅዳሴ የሚሆን ወንበር ስለሚደረደርበት ጎብኚዎች ሳያውቁ ይረግጡታል። በተወሰኑ ወራት ግን ዓርብ ቀን ወንበሩ ስለሚነሣ መሄድ የሚወድ ይሄድበታል።

ልብሱም እስከ ዛሬ አለ፤ ከመቅደሱ ዙሪያ ካሉት ጸሎት ቤቶች በአንዱ ይታያል። ለብዙ መቶ ዓመት ሣጥኑ ስለማይከፈት ሰው ሁሉ ቀሚስ ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1712 ሲከፈት ግን ረጅም የሐር ጨርቅ ሆኖ ተገኘ። በፈረንሳይ ሁከት ዘመን ጨርቁ ተቈራረጠ፤ አሁን ያለው ከዚያ የተረፈው ነው። በዚያው ዘመን በምድር ቤት የነበረው የእመቤታችን ጥንታዊ የእንጨት ምስል ተቃጠለ፥ የጣሪያውም እርሳስ ተወሰደ። በ1836 ደግሞ የጣሪያው እንጨት ሁሉ ነደደ። ከበታቹ ያለው የድንጋይ ቅስት ግን እሳቱን ስለ ከለከለ መስኮቶቹ ዳኑ፤ ጣሪያውም በብረትና በመዳብ ተሠራ። ከሩቅ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ያ መዳብ ነው።

መስተዋት በጦርነት ጊዜ እንደማይቆም የታወቀ ነው። ስለዚህ በ1939 የመስኮቶቹ መስተዋት ከየክፈፉ ወጥቶ በሣጥን ታሸገ፤ በኋላም ወደ ደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ተወስዶ በድንጋይ ዋሻ ውስጥ ተደበቀ፤ ጦርነቱ ካለፈም በኋላ ወደ ስፍራው ተመለሰ። ሆኖም መስተዋቱ ቢወጣ ግንቡ ቀርቶ ነበር። በነሐሴ 1944 የአሜሪካ ጦር ወደ ሻርትር ሲቀርብ የጀርመን ወታደሮች በግንቦቹ ላይ ሆነው የመድፍ ዒላማ ያመለክታሉ የሚል ወሬ ተሰማ፤ ካቴድራሉም በመድፍ እንዲመታ ታስቦ ነበር። ኮሎኔል ዌልቦርን ግሪፊት የተባለ አሜሪካዊ መኰንን ግን ወሬውን ሳይመረምር መተኰስን አልወደደም። ከነጂው ጋር ወደ ከተማው ገብቶ ቤተ ክርስቲያኑን ፈተሸ፤ ጠላትም እንደሌለበት አይቶ አስታወቀ፤ ተኵሱም ቀረ። እርሱ በዚያው ቀን፥ በነሐሴ 16፥ ከሻርትር አጠገብ ባለችው በሌቭ መንደር ተዋግቶ ሞተ።

በ1979 ካቴድራሉ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። መጠበቁ ግን ራሱ ክርክር አለበት። ከ2009 ገደማ ወዲህ የውስጡ ግድግዳ የጧፍ ጥቀርሻና የዘመናት አቧራ እየተጠረገለት፥ ከሥሩ በተገኘው በጥንቱ ቀለም ምልክት እየታደሰ፥ ነጣ ብሎ ቢጫ መስሏል። ሥራውን የሚደግፉት ሠሪዎቹ ያሰቡት ብሩህ ቤት ይህ ነው ይላሉ። የሚቃወሙት ደግሞ የመስኮቶቹ ሰማያዊ የሚያምረው ግድግዳው ሲጨልም ነው፤ ግድግዳው ካበራ መስተዋቱ ይደክማል ይላሉ። ተሳላሚው ጥቁር ሆና የሚያውቃት የዓምዷ እመቤት የምትባለው የእንጨት ምስል ታድሳ ነጭ ፊት ይዛ ስትታይም ብዙ ሰው ቅር አለው። ጥቀርሻው የሠሪዎቹ ሐሳብ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ነገር ግን ያ ጥቀርሻ የወጣው በእመቤታችን ፊት ከበራ ጧፍ ስለ ሆነ፥ እንደ ማንኛውም እድፍ ይቈጠር ማለት ለሚጸልየው ሰው ይከብደዋል። ጎብኚው ሁለቱንም ወገን ሰምቶ በገዛ ዓይኑ ቢመረምር መልካም ነው።

ከሁሉ በላይ መዘንጋት የሌለበት ይህ ስፍራ የዕቃ ማሳያ ቤት አለመሆኑ ነው። በየጊዜው ይቀደስበታል፤ በጰራቅሊጦስ ሰሞን ብዙ ሺህ ወጣቶች ከፓሪስ ተነሥተው ሦስት ቀን በእግር ተጕዘው ይመጡበታል። ሻርል ፔጊ የተባለው ባለቅኔም በ1912 በዚያ መንገድ በእግሩ ሄዷል። ስለዚህ ቅዳሴ በሚደርስበት ሰዓት የመጣ እንግዳ በመካከል እየተዘዋወረ ሥዕል ማየቱን ትቶ፥ ወይ ከኋላ ዝም ብሎ ይቀመጣል፥ ወይ በውጭ ሆኖ በሮቹን ይመለከታል። በውጭም የሚታየው ብዙ ስለ ሆነ ጊዜው አይባክንበትም። ባርኔጣ ማውለቅ፥ ድምፅ ዝቅ ማድረግ፥ በሚጸልይ ሰው ፊት አለማለፍ፥ ብልጭታ ያለው ፎቶግራፍ አለማንሣት በየአገሩ የታወቀ ጨዋነት ነው። እንግዳ የሌላውን ሥርዓት ባይቀበል እንኳ በሰው ቤት መሆኑን ያስባል።

ጊዜ ያለው ሰው ጠዋት አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ወጥቶ፥ ከተማውንና ከኮረብታው በታች ያለውን ወንዝ አይቶ፥ ማታ ሲል እንደ ገና ቢመለስ ይሻላል። በምዕራብ ያሉት ሦስት መስኮቶች ከ1194 ቃጠሎ በፊት የተሠሩ የጥንት መስኮቶች ናቸው። ቀን ደብዝዘው ይውላሉ፤ ፀሓይ ልትጠልቅ ስትል ግን ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚያገኛቸው ይነድዳሉ። ሰማያዊውና ቀዩ በወለሉ ድንጋይና በዓምዶቹ እግር ላይ ይወድቃል፥ ቀስ እያለም ወደ ምሥራቅ ይሳባል። ከዚያ ጠባቂው በሩ ሊዘጋ መሆኑን ያስታውቃል፤ ሰዎቹም በንጉሥ በር፥ አርጩሜዋን እንደያዘች ከምትቀረው ከሰዋስው አጠገብ ይወጣሉ።